ያውቁ ኖሯል? ወገን የቀየረች ሃይድሮጅን

ስለ ትራንስ ፋት ብዙ ይወራል፤ ከየት እንደሚመጣና ለምን እንደሚጎዳ ግን እምብዛም አይነገርም። በዛሬው ዓምዳችን ከኬሚስትሪው እስከ ሕጉ አለፍ አለፍ እያልን እንቃኘዋለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሞለኪዩሉ እንጀምር

▪ ዘይትም፣ ቅቤም፣ ሞራም በመሠረቱ አንድ ዓይነት አሠራር እንዳላቸው ያውቁ ኖሯል? ሁሉም ግሊሰሮል በሚባል አጭር ሞለኪዩል ላይ ከተያያዙ ሦስት ፋቲ አሲዶች የተሠሩ ናቸው። ፋቲ አሲድ ደግሞ ሃይድሮጅን የለበሰ ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ነው። አንዱን ፈሳሽ ሌላውን ጠጣር የሚያደርገው የሰንሰለቱ ርዝመት፣ የሃይድሮጅኑ መሙላትና መጉደል፣ እንዲሁም የሰንሰለቱ ቅርጽ ነው።

▪ ሃይድሮጅን በጎደለበት ቦታ ሁለቱ ካርቦኖች በድርብ ቦንድ ይያያዛሉ። ድርብ ቦንድ እንደ ነጠላው እንደ ልብ አይዞርም። ስለዚህ በዚያ ቦታ የቀሩት ሁለት ሃይድሮጅኖች ወይ በአንድ ወገን ይቆማሉ፣ ወይ ግራና ቀኝ ይለያያሉ። በአንድ ወገን ሲሆኑ «ሲስ»፣ ሲለያዩ «ትራንስ» ይባላሉ። የዛሬው ጉዳያችን በሙሉ ከዚህች ልዩነት የሚመነጭ ነው።

▪ የወይራ ዘይት ዋነኛ ፋቲ አሲድ የሆነው ኦሌይክ አሲድና ትራንስ የሆነው ዘመዱ ኤላይዲክ አሲድ በአቶም ብዛት አንድ ናቸው፤ ሁለቱም 18 ካርቦን፣ 34 ሃይድሮጅንና 2 ኦክስጅን አላቸው። ኦሌይክ በ13 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል። ኤላይዲክ ግን 45 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ እንደ ጠጠረ ይቆያል።

▪ ምክንያቱ ቅርጹ ነው። የሲስ ሰንሰለት ድርብ ቦንዱ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል፤ የትራንስ ሰንሰለት ግን ቀጥ እንዳለ ይቀጥላል። ቀጥ ያለ እንጨት ሲታሰር ክፍተት ሳይተው ይገጥማል፤ ቆልማማው ቢጠብቅም አይገጥምም። ትራንስ ፋቲ አሲዶችም እርስ በርስ ተጠጋግተው ስለሚደረደሩ ስቡ ይረጋል።

▪ ይህን ጽሑፍ ሲያነቡ ዓይንዎ ውስጥ ሲስ ወደ ትራንስ እየተለወጠ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? በዓይን ብሌን ጀርባ ባለው የብርሃን ተቀባይ ሽፋን ውስጥ ሬቲናል የተባለ ሞለኪዩል አለ። ብርሃን ሲያርፍበት ከሲስ ወደ ትራንስ ይዞራል፤ ይህም ከሰከንድ ትሪሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል። የማየት የመጀመሪያው እርምጃ ይኸው ነው። ጆርጅ ዋልድ ለዚህ ዘርፍ ባደረገው ምርምር የ1967ቱን የኖቤል ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ተካፍሏል። ትራንስ ቅርጽ በራሱ መርዝ አይደለም፤ ወሳኙ ነገር የት ቦታና በምን ያህል መጠን መገኘቱ ነው።

▪ ትራንስ ፋትን ሆን ብለው የሚሠሩ ባክቴሪያዎችም አሉ። ሱዶሞናስ ፑቲዳ የተባለችው ሙቀት ወይም መርዛማ ኬሚካል ሲያጋጥማት በሽፋኗ ውስጥ ያሉትን ሲስ ፋቲ አሲዶች ወደ ትራንስ ትለውጣለች። ሽፋኑ ይጠነክራል፣ እሷም ትተርፋለች።

ከላቦራቶሪ ወደ ፋብሪካ

▪ ትራንስ ፋት በሰው እጅ የተሠራው ከፋብሪካው ዘመን በፊት ነው። በ1819 ፑቴ የተባለ የማርሴይ ፋርማሲስት የወይራ ዘይት ንጹሕ መሆኑን ለማወቅ ሜርኩሪ በናይትሪክ አሲድ አሟሙቶ ይጨምርበት ነበር። ንጹሑ የወይራ ዘይት ድርቅ ይላል፤ ርካሽ ዘይት የተቀላቀለበት ግን እንዲያ አይጠጥርም። ፑቴ ሳያውቀው ኦሌይክ አሲድን ወደ ኤላይዲክ እየለወጠ ነበር።

▪ ሃይድሮጅንን በኒኬል አማካይነት ድርብ ቦንድ ባላቸው ውሁዶች ላይ መጨመርን ያስተማረው ፈረንሳዊው ፖል ሳባቲዬ ነው፤ የ1912ቱን የኬሚስትሪ ኖቤል ከቪክቶር ግሪኛር ጋር ተካፍሏል። የእሱ ዘዴ ግን ለሚተኑ ነገሮች ነበር። ፈሳሽ ዘይትን በዚሁ መንገድ ማርጋት እንደሚቻል ያሳየው ጀርመናዊው ቪልሄልም ኖርማን ሲሆን በ1902 የፈጠራ መብት ጠየቀበት።

▪ የፋብሪካውን ጋን ከቅርብ እንመልከተው። ዘይቱ ይሞቃል፤ እንደ ዱቄት የደቀቀ ኒኬል ይጨመርበታል፤ የሃይድሮጅን ጋዝ በግፊት ይገባበታል። የፋቲ አሲዱ ድርብ ቦንድ በኒኬሉ ገጽ ላይ ሲያርፍ አንድ ሃይድሮጅን ይቀበላል። በዚህ ጊዜ ድርቡ ቦንድ ነጠላ ስለሚሆን ሰንሰለቱ እንደ ልብ ይዞራል። ሁለተኛው ሃይድሮጅን ቶሎ ከደረሰ ቦታው ይሞላና ነገሩ ያበቃል። ካልደረሰ ግን አንድ ሃይድሮጅን ተመልሶ ይለቃል፣ ድርቡ ቦንድም እንደገና ይሠራል፤ አሁን ግን አብዛኛውን ጊዜ ትራንስ ሆኖ።

▪ ስለዚህ ዋናው ችግር የሚፈጠረው ሥራው በግማሽ ሲቆም ነው። ዘይቱ እስከ መጨረሻው ሃይድሮጅን ከጠገበ የሚቀር ድርብ ቦንድ ስለሌለ ትራንስ ፋቱም እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። እንዲህ ያለው ስብ ግን ክርር ብሎ ስለሚደርቅ ዳቦ ላይ አይቀባም። ፋብሪካዎች የፈለጉት ለስላሳውን ስለነበር ሥራውን መሐል ላይ ያቆሙታል። እንዲህ በከፊል የረጋ ዘይት ውስጥ ከስቡ 25 እስከ 45 በመቶው ትራንስ ፋት ሊሆን ይችላል።

▪ ማርጋሪን መጀመሪያ ላይ ከትራንስ ፋት ፋብሪካ ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም። በ1869 ፈረንሳዊው ኢፖሊት ሜዥ ሙሪዬስ የሠራው ከበሬ ሞራ ነበር፤ ናፖሊዮን ሣልሳዊ ለወታደሩና ለድኃው የሚሆን ርካሽ የቅቤ ምትክ ላመጣ ሽልማት አቅርቦ ስለነበር ነው። የአትክልት ዘይት ማርጋሪን የመጣው ከኖርማን በኋላ ነው።

▪ ዓሣ ነባሪም የዚህ ታሪክ ሰለባ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ዘይቱ ሽታ ያለውና ቶሎ የሚበላሽ ስለነበር ለገበታ አይመረጥም ነበር። በሃይድሮጅን ማርጋት ሲቻል ሽታው ጠፋና በአውሮፓ የማርጋሪን ጥሬ ዕቃ ሆነ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የዓሣ ነባሪ አደን እንዲጧጧፍ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

▪ በ1911 በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው ክሪስኮ ከጥጥ ፍሬ ዘይት የተሠራ ነበር። አምራቹ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በሳሙናና በሻማ የታወቀ ኩባንያ ነው። ክሪስኮ የአሳማ ስብ ስላልነበረ፣ የወተት ተዋጽኦም ስላልገባበት፣ ሥጋና ወተት የማይቀላቅሉ አይሁድ ቤቶች ውስጥ በቀላሉ ገባ።

▪ የእኛም የጾም ኬክ ከዚህ ጋር ይነካካል። ቅቤና እንቁላል ስለማይገባበት ልስላሴውን የሚያገኘው ከዘይት፣ ከማርጋሪን ወይም ከአትክልት ቅቤ ነው። እነዚህ ትራንስ ፋት ሊኖራቸውም ላይኖራቸውም ይችላል። «የጾም ነው» መባሉ ስለዚህ ጉዳይ የሚነግረን ነገር የለም፤ መልሱ ያለው ጣሳው ላይ ከተጻፈው ዝርዝር ነው።

▪ ፋብሪካዎች ይህን ዘይት ለምን ወደዱት? የአኩሪ አተር ዘይት ሦስት ድርብ ቦንድ ያለው ሊኖሌኒክ አሲድ አለበት፤ ይህ ከኦክስጅን ጋር ቶሎ ስለሚዋሐድ ዘይቱ ይሻግታል። ሃይድሮጅን ሲጨመርበት ብስኩቱ በመደርደሪያ ላይ ለወራት ይቆያል፣ የመጥበሻው ዘይትም ይበረክታል። ትርፉ የነጋዴው፣ ጣጣው የበይው ሆነ።

ከብቱም ድርሻ አለው

▪ በቅቤና በወተት ውስጥም ትራንስ ፋት እንዳለ ያውቁ ኖሯል? ላም፣ በግና ፍየል የሚያመነዥኩትን ሣር በትልቁ ጨጓራቸው ውስጥ የሚያብላሉ ባክቴሪያዎች አሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች በሣሩ ውስጥ ባለው ስብ ላይ ሃይድሮጅን ይጨምራሉ። ሥራው በየመሐሉ ሲቋረጥ ትራንስ ይወጣል። ኖርማን ፋብሪካ ውስጥ ያደረገውን ላሚቱ ያለ ኒኬል ስታደርገው ኖራለች።

▪ ልዩነቱ መጠኑ ነው። በወተት ስብ ውስጥ ትራንስ ፋት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ ገደማ ነው። ዋነኛው ቫክሴኒክ አሲድ ሲባል፣ ድርብ ቦንዱ ያለበት ቦታ ከኤላይዲክ በሁለት ካርቦን ይለያል። በተለመደው አመጋገብ ከከብት የሚገኘው ትራንስ ፋት አነስተኛ ነው። ያም ሆኖ የዓለም ጤና ድርጅት በወሰነው የቀን ጣሪያ ውስጥ የከብቱም የፋብሪካውም አብሮ ይቆጠራል።

ሰውነት ውስጥ ሲገባ

▪ በሰው ሰውነት ውስጥ ትራንስ ፋት እንደሚከማች በ1957 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ካሳወቁት ተመራማሪዎች አንዱ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ፍሬድ ኩመሮው ነበሩ። የሰማቸው ግን አልነበረም። በዚያን ጊዜ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ወደ ቅቤና ወደ ሞራ ነበር፤ ማርጋሪን ደግሞ የልብ ወዳጅ ተብሎ ይመከር ነበር።

▪ ነገሩ የተገለበጠው በ1990 ነው። ሮናልድ ሜንሲንክና ማርቲን ካታን በኔዘርላንድስ 59 ጤናማ ሰዎችን ሦስት ዓይነት ምግብ እያፈራረቁ፣ እያንዳንዱን ለሦስት ሳምንት አበሉ። በትራንስ ፋት ወቅት መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ኤል.ዲ.ኤል፣ ከፍ አለ፤ ጥሩው፣ ኤች.ዲ.ኤል፣ ዝቅ አለ። የቅቤና የሞራ ዓይነቱ ሳቹሬትድ (ሃይድሮጅን የጠገበ) ስብ መጥፎውን ቢያሳድግም ጥሩውን ዝቅ አላደረገም። ትራንስ ፋት በሁለቱም በኩል ነው የሚጎዳው።

▪ እንዴት? በደም ውስጥ ኮሌስትሮልን ከኤች.ዲ.ኤል ወደ ኤል.ዲ.ኤል የሚያሻግር ፕሮቲን አለ፤ ትራንስ ፋት ይህን ፕሮቲን ያነቃቃዋል። ከዚህም ሌላ በደም ውስጥ የብግነት ምልክቶችን ከፍ ያደርጋል፣ የደም ቧንቧ ውስጠኛውን ሽፋንም ሥራ ያውካል። ቧንቧው ቀስ በቀስ ይጠብና አንድ ቀን ልብ ደም ያጣል።

▪ በ1993 ከ85 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ነርሶችን ለስምንት ዓመት የተከታተለ ጥናት ይፋ ሆነ። ትራንስ ፋት በብዛት የሚበሉት ጥቂት ከሚበሉት ይልቅ ለልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው በ50 በመቶ ገደማ ከፍ ያለ ነበር። በ2006 የተለያዩ ጥናቶች አንድ ላይ ሲተነተኑ፣ ከቀን ኃይላችን 2 በመቶው ብቻ ከትራንስ ፋት ሲመጣ አደጋው በ23 በመቶ ከፍ እንደሚል ታየ።

▪ የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ ከቀን ኃይል ከ1 በመቶ በታች ነው። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ ከ2.2 ግራም ያነሰ ማለት ነው። አሁን እናስላው፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ በከፊል የረጋ ዘይት 14 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሩቡ ትራንስ ቢሆን 3.5 ግራም ነው። በአንድ ማንኪያ ብቻ ጣሪያው ታለፈ።

▪ እናት የበላችው ትራንስ ፋት ወደ ጡት ወተቷ እንደሚያልፍ ያውቁ ኖሯል? በካናዳ በ1992 በተመረመረ የእናት ጡት ወተት ውስጥ ከስቡ 7 በመቶ ገደማው ትራንስ ነበር። አምራቾች መጠኑን በማሸጊያው ላይ እንዲጽፉ ከታዘዙና ምርታቸውን ከለወጡ በኋላ፣ በ2011 ወደ 2 በመቶ ገደማ ወረደ። እናቶቹ የተለየ ነገር እንዲያደርጉ አላስፈለገም፤ የተለወጠው ገበያው ነው።

▪ ዘይት በሃይድሮጅን ሲረጋ የሚበላሸው ቅርጹ ብቻ አይደለም። ለደም መርጋት የሚያስፈልገው የቫይታሚን ኬ ክፍልም አብሮ ይለወጥና ጉልበቱ ይዳከማል።

የረጋ ሁሉ ትራንስ አይደለም

▪ በሀገራችን «የረጋ ዘይት» የምንለው የፓልም ዘይት የረጋው በፋብሪካ ሃይድሮጅን ተጨምሮበት እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? በተፈጥሮው ከስቡ 44 በመቶ ገደማው ፓልሚቲክ የተባለ ሳቹሬትድ አሲድ ስለሆነ ነው። የራሱ ጣጣ አለው፤ ኤል.ዲ.ኤልን ያሳድጋል። ግን ትራንስ ፋት ሌላ፣ ሳቹሬትድ ስብ ሌላ። በሐኪም ዘንድም በወጥ ቤትም ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

▪ የኑግ ዘይታችን በሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። ከስቡ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ሁለት ድርብ ቦንድ ያለው ሊኖሌይክ አሲድ፣ ያውም ሲስ ነው። ፈሳሽነቱም ከዚህ ይመጣል፤ ቶሎ የሚሻግተውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ፣ ክዳኑን ገጥሞ ማስቀመጥ ይበጃል።

▪ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ተደጋግሞ ተጠብሶበት የጠቆረ ዘይትስ? መጥበሻ ላይ የሚፈጠረው ትራንስ ፋት ጥቂት ነው። የጠቆረው ዘይት ዋና ጉዳቱ ከኦክስጅንና ከሙቀት የሚወለዱት ሌሎች የብልሽት ውጤቶች ናቸው። በርካታ የአውሮፓ ሀገሮች እነዚህ ከዘይቱ 25 በመቶ አካባቢ ሲደርሱ እንዲደፋ ያስገድዳሉ። ዘይቱ ከጠቆረ፣ አረፋ ካበዛና ቶሎ ከጨሰ ጊዜው አልፏል።

▪ ፈሳሹ የታሸገ ዘይትም ፍጹም ከትራንስ የጸዳ ላይሆን ይችላል። ሽታውን ለማጥፋት ከ200 ዲግሪ በላይ በእንፋሎት ሲጣራ ጥቂት ሲስ ወደ ትራንስ ይዞራል። ሙቀቱንና ጊዜውን በመቆጣጠር ይህን ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ሕግ ሲገባበት

▪ በዓለም የመጀመሪያውን ጥብቅ ሕግ ያወጣችው ዴንማርክ ናት። በ2003 የወጣው ሕግ ከ100 ግራም ስብ ውስጥ የፋብሪካ ትራንስ ፋት ከ2 ግራም እንዳይበልጥ ወሰነ፤ በ2004 መጀመሪያ ላይም ተግባራዊ ሆነ። ሕጉ ከከብት የሚመጣውን አይመለከትም። በኋላ በተደረገ ጥናት ሕጉ ከወጣ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ100,000 ሰው በአማካይ 14 ገደማ የልብና የደም ቧንቧ ሞት በየዓመቱ እንደቀነሰ ተሰልቷል።

▪ አንድ ዓለም አቀፍ የፈጣን ምግብ ሰንሰለት በየሀገሩ የሚሸጠው የድንች ጥብስና የዶሮ ቁርጥ በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ ተለክቶ ነበር። የኒውዮርኩ 10 ግራም ገደማ ትራንስ ፋት ሲኖረው የዴንማርኩ ከ1 ግራም በታች ነበር። ስሙም ምግቡም አንድ ነው፤ ልዩነቱ የመጥበሻው ዘይትና ሕጉ ነው።

▪ ኒውዮርክ ከተማ በ2006 ትራንስ ፋትን ከምግብ ቤቶቿ አገደች፤ ትግበራው በ2007 ተጀመረ። እገዳ የጣሉ የኒውዮርክ ግዛት አካባቢዎች ካልጣሉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይታ በኋላ በድንገተኛ የልብ ሕመምና በስትሮክ ሆስፒታል የሚገባው ሰው በ6.2 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

▪ «0 ግራም ትራንስ ፋት» የሚል ጽሑፍ ዜሮ ማለት ላይሆን እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ከ2006 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የአሜሪካ ደንብ በአንድ መመገቢያ መጠን ከ0.5 ግራም በታች ከሆነ ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። አንድ መመገቢያ ሦስት ብስኩት ቢሆንና እርስዎ አሥራ ሁለት ቢበሉ፣ ከዜሮው አራት ጊዜ ተጨምሮ 2 ግራም ሊጠጋ ይችላል።

▪ ኩመሮው በ2009 ለአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እገዳ እንዲጣል አቤቱታ አስገቡ፤ መልስ ሲዘገይባቸው በ2013 ከሰሱት። አስተዳደሩ በከፊል የረጋ ዘይት «ደኅንነቱ የተረጋገጠ» ከሚባሉት ምግቦች ዝርዝር እንዲወጣ በ2015 ሲወስን 100 ዓመታቸው ነበር። እገዳው በ2018 ተግባራዊ ሆነ። እሳቸው በ2017 በ102 ዓመታቸው አርፈዋል።

▪ በአሜሪካ ነጭ ጎልማሶች ደም ውስጥ የተለካው ትራንስ ፋት ከ2000 እስከ 2009 ባለው ጊዜ በ58 በመቶ ወርዷል።

▪ ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባቸው ሀገሮችም ነገሩ ተለውጧል። ሳዑዲ ዓረቢያ በከፊል የረጋ ዘይትን ከ2020 ጀምሮ አግዳለች። የአውሮፓ ኅብረት ከ100 ግራም ስብ 2 ግራም የሚለውን ጣሪያ ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ በሁሉም አባላቱ ላይ አጽንቷል። በአፍሪካ ቀድማ ሕግ ያወጣችው ደቡብ አፍሪካ ናት፣ በ2011፤ ናይጄሪያ በ2023 ተከትላለች።

▪ ቫናስፓቲ በሚባል የአትክልት ቅቤ የምትታወቀው ሕንድ ደረጃ በደረጃ ነው የወረደችው፤ ጣሪያዋን በ2021 ወደ 3፣ በ2022 ወደ 2 በመቶ አደረሰችው።

▪ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 የፋብሪካ ትራንስ ፋት ከዓለም የምግብ ገበያ እንዲጠፋ ጥሪ ሲያቀርብ ጥሩ ሕግ የነበራቸው ሀገሮች የዓለምን ሕዝብ 6 በመቶ ብቻ ይሸፍኑ ነበር። በ2023 መጨረሻ ላይ ሀገሮቹ 53 ደርሰው 46 በመቶውን፣ 3.7 ቢሊዮን ሰው፣ ሸፈኑ። በጃንዋሪ 2024 ትራንስ ፋትን በማጥፋታቸው የመጀመሪያዎቹን የምስክር ወረቀቶች ከድርጅቱ ያገኙት ዴንማርክ፣ ሊትዌንያ፣ ፖላንድ፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ታይላንድ ናቸው። በዚያው ወቅት ድርጅቱ የፋብሪካ ትራንስ ፋት በዓመት ከ278,000 በላይ ሰው እንደሚገድል ገልጿል።

▪ ተቆጣጣሪው እንዴት ያውቃል? ዓይን አያየውም፣ ምላስም አይለየውም። በላቦራቶሪ የኢንፍራሬድ ጨረር በዘይቱ ውስጥ ያሳልፋሉ። ትራንስ ድርብ ቦንድ ልዩ የመወዛወዝ ምልክት አለው፤ በመለኪያው ላይ በሴንቲሜትር 966 ሞገድ አካባቢ ጎልቶ ይታያል። እያንዳንዱን ፋቲ አሲድ ነጥሎ ለመቁጠር ደግሞ ጋዝ ክሮማቶግራፊ ይጠቀማሉ፤ ዘይቱ የሚያልፍባት ቀጭን ቱቦ ብዙ ጊዜ 100 ሜትር ትረዝማለች።

▪ እርስዎ ላቦራቶሪ የለዎትም፤ የሚበጀው ማንበብ ነው። በማርጋሪን፣ በብስኩት ወይም በአትክልት ቅቤ ማሸጊያ ላይ «በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት ዘይት» የሚል ካገኙ ይተዉት። «ሙሉ በሙሉ» የሚል ከሆነ ትራንስ ፋቱ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሳቹሬትድ ስቡ ግን ብዙ ነው። ምንም ዝርዝር ያልተጻፈበት ጣሳ ደግሞ ራሱ መልስ ነው፤ አይግዙት።

▪ በመጨረሻም፦ ትራንስ ፋት ሲወጣ ኬኩና ብስኩቱ ጣዕም ያጣሉ፣ ዋጋው ይንራል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። አምራቾች ግን ኦሌይክ አሲዳቸው የበዛ አዳዲስ ዘይቶችን፣ እንዲሁም ፈሳሹንና የረጋውን አቀላቅሎ ፋቲ አሲዶቹን የሚያቀያይር ዘዴ ተጠቀሙ። በዴንማርክ ሕጉ ሲወጣ አብዛኛው ሸማች ምንም ለውጥ መደረጉን እንኳ አላስተዋለም። ብዙ የጤና ምክር ከእኛ ጽናት ይጠይቃል፤ ይህኛው የጠየቀው ከጥቂት ፋብሪካዎችና ከአንድ ገጽ ሕግ ነው።